ምንም ሳይጠፋ የተቀመጥነው አውጫጭኝ

ባለፈው ጥቅምት መታወቂያዬን ላሳድስ ላሊበላ ወርጄ ነበር። ጸሐፊዋ ልጅ የማህተሙን ቀለም ክዳን ስትከፍት ሽታው መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ተቀመጠ። ሰው ስንቱን ይረሳል፤ እኔ የገዛ እናቴን ድምፅ ረስቻለሁ። የዚያን ቀለም ሽታ ግን ገና ክዳኑ ገለጥ ሲል ነው ያወቅሁት።

«አባባ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ። ምቺው ልጄ።»

መታችው። ወረቀቴን ይዤ ዳገቱን ስወጣ የዚያ ዓመት ነገር አንድ በአንድ እየመጣ አብሮኝ ወጣ።

የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ የዘመቻ ትምህርት ነው፤ እንግዲህ ደርግን ስወቅስም በሱው ፊደል መሆኑ ነው፤ አልክድም። ከተማ ያሉት የልጅ ልጆቼ ሲመጡ፣ «እንዲያ ያለ ነገር ሲመጣባችሁ እንዴት ዝም አላችሁ?» ይሉኛል። ዝም አላልንም እኮ። ዝም ብንል ይሻለን ነበር። ደርግ የገባው በጠመንጃ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝም እከራከራለሁ። ወደኛ ሰፈር የመጣው ሰው በእጁ የያዘው እስክሪብቶ ነው፤ አንደበቱም ትሁት ነበር። እንዴት እንደገባ እኔ ያየሁትን ልጻፍ።

ያኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሰፈራችን ከገነተ ማርያም በላይ ነው፤ ገብስና ባቄላ እንጂ ጤፍ የማያውቅ ደጋ። ከኛ በላይ ገደል ነው፤ ገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ ነው የሚኖረው። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙላት ይባላሉ፤ ከቤታችን የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ሹም አልነበሩም፣ ቄስም አልነበሩም፤ ግን በአገሩ አውጫጭኝ ሲቀመጥ ሰብሳቢው እሳቸው ናቸው።

አውጫጭኝን የዛሬ ልጅ አያውቀውም። በሬ ሲጠፋ፣ ክምር ሲቃጠል፣ አድራጊው ካልታወቀ የአገሩ ወንድ በሙሉ ወይራው ሥር ይቀመጣል። ሦስት ሽማግሌ ተመርጦ ይምላል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ለብቻው ሽማግሌዎቹ ፊት ይቀርብና «ያየሁትን አልደብቅም፣ ያላየሁትን አልጨምርም» ብሎ ምሎ ያወቀውን ይናገራል። የተናገረው ሰው ስሙ አይነሳም፤ «ወፍ» ነው የሚባለው። ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ። ማን አለ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እውነቱ እስኪወጣ ደግሞ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሕጉ ይሄ ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ እውነተኛ ወፍ መስላኝ ወይራው ላይ ያረፈችውን ሁሉ እሸሽ ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የአያ ፈንታ ቀፎ ተሰረቀ። አያ ፈንታ የአያ ሙላት የልብ ወዳጅ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅም የላቸው። በወጣትነታቸው አሮጌ ጠመንጃ ፈንድቶባቸው ከቀኝ እጃቸው ሦስት ጣት ወስዶባቸዋል።

እኛ ልጆቹ ካቡ ላይ ተደርድረን እናያለን። አያ ሙላት ተነሱና፣ «ምን ጠፋ? የማን ነው? መቼ ጠፋ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። አያ ፈንታ ተነስተው፣ «ቀፎ ጠፋ፤ የኔ ነው፤ ቅዳሜ ነው» ብለው በእመቤታችን ማሉ። ባለቤት ተነስቶ ካልማለ አውጫጭኝ የሚባል ነገር የለም።

ሌባው ደግሞ ከመካከል ቁጭ ብሏል። ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ አሉ። አንድ ዓይኑ በእብጠት ተዘግቷል፤ ከንፈሩ የበሬ ከንፈር አክሏል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው አንዱ።

«ጥርሴን ነው።»

«ጥርስህ ዓይንህ ላይ ነው እንዴ የበቀለው?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አያ ሙላት ግን ተቆጡ። «ዝም በሉ! ያበጠ ፊት ምስክር አይሆንም፤ ጥርስም ያሳብጣል!» ቢያንስ ሦስት ወፍ አንድ ዓይነት ነገር ካልተናገረች አይሆንም ብለው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አስቀመጧቸው። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ተነስቶ አመነ። ቀፎውን መለሰ። አያ ፈንታ ከማሩ ቆርሰው ለልጆቹ ላኩለት።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ «አያ፣ ሌባው እሱ እንደሆነ ፊቱ እየተናገረ ለምን አደከሟቸው?» አልኳቸው።

«ሸጋው፣» አሉኝ፣ «ዛሬ በእብጠት ከያዝን ነገ ጥርሱን ያመመው ሰው የት ይግባ?»

መልስ መስሎ አልታየኝም። ሽማግሌ ነገር ማስረዘም ይወዳል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በፊት ባለው ዓመት መሬት ከባላባቱ ተወስዶ ለኛ ተደልድሎ ነበር። ይሄን አላቃልልም። አባቴ ድርሻው ላይ ቆሞ አፈሩን በእፍኙ ዘግኖ ሲያሸተው አይቻለሁ። ያን ጊዜ ያጨበጨብነው ጭብጨባ ከልባችን ነው። የገበሬ ማህበር ሊቀ መንበር ምረጡ ሲባል አራጋውን መረጥን። አራጋው ሰው አይጣላም፣ እምቢ ማለት አያውቅም፣ ድሃ ነው። እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ለሹመት ጥሩ መስሎን ነበር።

ለአራጋው ማህተም ሰጡት። እጀታው እንጨት፣ ከሥሩ ክብ፤ ቀለሙ ሐምራዊ ሆኖ በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጠ። ኩልመስክ ገበያ ለመሄድ ማህተም ያለበት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል ተባለ። ተማረርን? ኧረ ወደድነው! ወረቀት ይዞ መሄድ የባላባት ወግ ነበር። አባቴ ወረቀቱን ከክታቡ ጋር በቆዳ ማኅደር ከትቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ኬላ ላይ የቆመው ሰው ወረቀቱን አሽትቶ የሚያሳልፍ ነበር የሚመስለኝ፤ ማንበብ እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን። እናም አንድ ቀን አራጋው ሳያየኝ አውራ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ ግንባሬ ላይ አተምኩት፤ ብቻዬን ኩልመስክ ልሄድ። እናቴ መንገድ ላይ ይዛኝ በአመድ ፈተገችኝ። ሦስት ቀን አልለቀቀም። ሰፈርተኛው ሁሉ፣ «ሸጋው፣ ይለፍህ እስከ መቼ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

በክረምቱ ካድሬው መጣ። ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ ጫማው ጭቃ ሲነካው በሣር ይጠርገዋል። ትልቁን ሰው «እርስዎ» ነው የሚለው። በየሳምንቱ ይሰበስበን ጀመር። ቄሳችንን «ጓድ ቄስ» ብሎ ሲጠራቸው የመጀመሪያ ቀን ሰው ከሳቁ የተነሳ ተንከባለለ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሁለተኛው ሳምንት ጥቂት ሰው ሳቀ። በሦስተኛው ማንም አልሳቀም። በአምስተኛው «ጓድ ቄስ» ሲል፣ «አቤት» አሉ። እኔ ይሄን እየቆጠርኩ ነው ያደግሁት። ማንም «አትሳቁ» ያለ የለም። ሳቁ ራሱ እያነሰ እያነሰ ሄዶ አለቀ።

ጭብጨባውም እንደዚያው ነው። ለዘፈንና ለሙሽራ የነበረ እጅ፣ ካድሬው ንግግሩን በጨረሰ ቁጥር መጨብጨብ ጀመረ። ማን መጀመሪያ እንደሚያቆም ለማየት እጓጓ ነበር። ማንም አያቆምም፤ ካድሬው እጁን ሲያወርድ ነው የሚያቆሙት። አያ ፈንታ በዚያች በጎደለች እጃቸው ጭናቸውን ነው የሚመቱት፤ ድምፅ የላትም።

«እርስዎ አያጨበጭቡም እንዴ፣ አባት?» አላቸው አንድ ቀን።

«አጨበጭባለሁ ልጄ። እጄ ነው የማይሰማው።»

ካድሬውም ሳቀ። ሳቀና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። አያ ፈንታን ነሐሴ ላይ ሳል ያዛቸውና በሳምንታቸው ሞቱ። አያ ሙላት ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፈሩ፤ ሌላ ሰው አካፋውን ሊቀበላቸው ቢል አልሰጥም አሉ።

ጥቅምት ገባ፣ ገብሱ ደረሰ። ደጋ ላይ የደረሰ ገብስ አይታመንም፤ አንድ ሳምንት ካሳለፉት ይረግፋል፣ ካልረገፈ ውርጭ ይመታዋል፣ ከሁሉም የተረፈውን ጭላዳ ይወርድበታል። ማጭዳችንን ስለን በጨረስንበት ሰሞን ካድሬው ወይራው ሥር ሰበሰበን።

«የእናንተ ባህል ከኛ መመሪያ ይበልጣል» አለ። «አዲስ ነገር ላመጣባችሁ አልመጣሁም። አውጫጭኝ የሚባል ትልቅ የሕዝብ ፍርድ አላችሁ። በዚያው በባህላችሁ፣ በመካከላችሁ የተደበቀውን አድኃሪ አውጡ። ከየማህበሩ አንድ አንድ እየተገኘ ነው።»

ሰው ደስ አለው። እውነት ነው የምለው። መንግሥት የሚባል ነገር ወደኛ ዞሮ ባህላችሁ ጥሩ ነው ብሎን አያውቅም። አራጋው አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተለ። አድኃሪ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ማንም አልጠየቀም፤ እኔ እንደ ጅብ ያለ አውሬ መስሎኝ ነበር።

አያ ሙላት ከሽማግሌ መቀመጫቸው ተነሱ።

«ምን ጠፋ?»

«ምንም አልጠፋም፣ አባት።»

«የማን ነው?»

«የሁላችንም።»

«ልጄ፣ ምንም ካልጠፋ ምኑን ነው የምንፈልገው?»

«እንዳይጠፋ ነው የምንፈልገው» አለ ካድሬው፣ በትዕግሥት።

«ያልጠፋ ነገር ፍለጋ የወጣ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይሄ ነው ይላል። እኔ እዚህ ላይ አልቀመጥም።»

ከሽማግሌዎቹ ወንበር ወርደው ከሰው ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። ካድሬው አልተቆጣም። «መብትዎ ነው» አለና በምትካቸው ሌላ አስመረጠ። እኔ ግን አፈርኩባቸው። ሰው እንዴት ክብሩን በገዛ አፉ ይጥላል?

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ተራ በተራ ገብቶ፣ «ምንም አላየሁ» እያለ ወጣ። ካድሬው፣ «እውነቱ ሳይወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሕጉ የእናንተ ነው» አለ። የራሳችንን ሕግ ምን ብለን እንከራከር? ሲመሽ ለቀቀን፣ በማለዳ መልሶ አስቀመጠን። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን እኛም ልጆቹ ተጠራን፤ ማሳ የሚጠብቅ ጠፋ።

ወይራው ካለበት ገብሱ ወለል ብሎ ይታያል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሲወርዱ መጀመሪያ ያየሁ እኔ ነኝ። አውራው ከፊት፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በጀርባ አዝለው ከኋላ። ማሳው ውስጥ ቁጭ ቁጭ ብለው ዛላውን በሁለት እጃቸው እየቀነጠሱ ይበላሉ፤ ሲበሉ ሰው ነው የሚመስሉት። አንድ ሰው «ኡ! ኡ!» ብሎ ተነሳ። ሁለት ሦስት ሰው ተከተለው።

«ተቀመጡ» አለ አራጋው። «በሞቴ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ስድሳ ሰባ ወንድ በጉልበቱ ላይ እጁን አጣምሮ የራሱ ገብስ ሲበላ ያያል። ያን ዕለት ሰውን ሳይሆን ጭላዳዎቹን ነው ሳይ የዋልኩት፤ እነሱን ማን ፈቀደላቸው እያልኩ።

ማምሻውን አባቴ ወደ አያ ሙላት ቤት ሲሄድ ተከተልኩት። ሚስታቸው እቴ ዝናሽ ወንበር አቀረቡለት። አባቴ ሳይቀመጥ ነው የጀመረው።

«አያ፣ መላ አግኝተናል። የሞተ ሰው እንስጣቸው።»

«ማንን?»

«አያ ፈንታን። ልጅ የላቸው፣ ሚስት የላቸው። ማን ይጎዳል? እሳቸውስ ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ሰዉ ሁሉ ተስማምቷል፤ ነገ ማጨድ ነው።»

«ፈንታ መልስ መስጠት አይችልም።»

«እሱ እኮ ነው ጥሩው!»

«እሱ ነው ክፉው» አሉ አያ ሙላት። «ስሙ የተጠራ ሰው ተነስቶ ‹አላደረግሁም› ይላል፤ ዋስ ይጠራል። ሙት ሲጠራ በሱ ፈንታ የሚጠየቀው በቁም ያለው ነው።»

«ገብስዎ እየተበላ ነው፣ አያ።»

«ይብላው። ጭላዳ እንኳ ሲጠግብ ይመለሳል።»

አባቴ ተናዶ ወጣ። «ግትር!» አለ አጥሩን ስንሻገር። እኔ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። የሞተን ሰው ማሰር አይቻልም፤ ካድሬው መቃብር ቆፍሮ ሊያስር ነው? እያልኩ ብቻዬን ስስቅ አደርኩ። አባቴን የዚያን ቀን ያህል አድንቄው አላውቅም።

በማግሥቱ ሁሉም ገብቶ «ፈንታ» ብሎ ወጣ። ሰው ሳቁን በጋቢው ጫፍ ይዞ ነው የሚወጣው። ካድሬው ጻፈ፤ አራጋው ማህተሙን መታበት። ተጨበጨበ። ማጭዳችንን ይዘን ስንነሳ፣

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ካድሬው። «ተቀመጡ። ትልቅ ሥራ ሠርታችኋል፤ አድኃሪ አለ ብላችሁ አረጋገጣችሁልኝ። አሁን የሚቀረው ቀላል ነው። አድኃሪ ብቻውን አይኖርም። ከማን ጋር ነበር የሚውለው? ማን ቀበረው?»

የሰው ፊት እንዴት እንደሚረግፍ ያን ቀን ነው ያየሁት። የቀበራቸው አገሩ በሙሉ ነው። አርባቸውን ያልበላ የለም። እያንዳንዱ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ያኔ የታየኝ ሁሉም ከጎኑ ካለው ሰው ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ማለቱ ብቻ ነው።

«ዛሬ ሴቱም ልጁም ይገባል» አለ። «ከእንግዲህ ሴትና ወንድ እኩል ነው።» እናቴ ነጠላዋን አጥባ ለብሳ መጣች። ሴት አውጫጭኝ ገብታ አታውቅም። ስትገባ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር፤ ስትወጣ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

እኔ ስገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያያሉ። የሚናገረው ካድሬው ነው።

«ጎበዝ! ስንት ፊደል ቆጠርክ?»

«እስከ ‹ፐ› ደርሻለሁ።»

«ጎበዝ። መሐላውንስ ታውቀዋለህ?»

ማልኩ። ያየሁትን አልደብቅም፣ ያላየሁትን አልጨምርም። እንደ ትልቅ ሰው መማሌ ደረቴን ነፋው።

«ሟቹ ፈንታ ከማን ጋር ነበር የሚውለው?»

ይሄ ምን ጥያቄ ነው? ፀሐይ በየት ትወጣለች እንደማለት ነው። «ከአያ ሙላት ጋራ» አልኩ። የካድሬው እስክሪብቶ ሲሄድ አየሁና ትንሽ ደነገጥኩ። ስለዚህ ደጉን ነገራቸውን መጨመር ጀመርኩ። አብረው ጽዋ ማኅበር ይጠጣሉ አልኩ። በሬ ይዋዋሳሉ። አያ ሙላት ሲያማቸው አያ ፈንታ አርሰውላቸዋል። መቃብሩን ብቻቸውን ነው የቆፈሩት፣ ለማንም አካፋ አልሰጡም። ደጉ ነገር በበዛ ቁጥር ክፉው የሚቀልላቸው መስሎኝ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ካድሬው አንድም ሳያስቀር ጻፈው። ውሸት አንድ ቃል የለበትም።

«አመሰግናለሁ» አለኝ። አንቱ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

ከሰዓት በኋላ ካድሬው ቆሞ አነበበ። «ወፍ ተናግራለች። ሙላት።»

አያ ሙላት ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስንት ወፍ?» አሉ።

«በቂ ወፍ።»

«እኔ ስሰበስብ ከሦስት ባነሰ አልፈርድም ነበር።»

«ከሦስት አያንስም፣ አባት።»

«ከፈንታ ጋር ውያለሁ። ቀብሬውማለሁ። ሌላስ ምን አደረግሁ?»

«እሱ ይበቃል።»

አያ ሙላት ዞረው አዩን። ቁጣ አልነበረባቸውም። በሬ ሲገዙ ጥርሱን እንደሚያዩት ነው፤ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ። እኔ ጋ ሲደርሱ አንገቴን ደፋሁ። ጎኔ ያለው አባቴም ደፋ፤ የአውጫጭኙ ነገር አስጨንቆት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ካድሬው እጁን አነሳና ማጨብጨብ ጀመረ። ሁላችንም አጨበጨብን። አያ ሙላትም አጨበጨቡ። ይሄን ነገር ስንት ዓመት ሙሉ አሰላስዬዋለሁ፤ አልገባኝም። እጃቸው ነው የለመደ፣ ወይስ እየቀለዱብን ነው? ከተመለሱ በኋላም ጠይቄያቸው፣ «አጨበጨብኩ እንዴ?» ነው ያሉኝ። አዎ፣ ተመልሰዋል፤ ከዓመት በላይ ታስረው። እንዴት ሆነው እንደተመለሱ እዚህ አልጽፈውም።

ሁለት ሚሊሻ መጥቶ ሲወስዳቸው አራጋው እያለቀሰ ከጎናቸው ሄደ።

«አያ ሙላት፣ ምን ላድርግ? ታዘዝኩ እኮ።»

«ታዘሃል» አሉት። «ማህተምህን እንዳትረሳ፤ ወይራው ሥር ትተኸው መጥተሃል።»

አራጋው ማህተሙን ሊያመጣ ተመለሰ። ሲመጣ አልደረሰባቸውም።

እቴ ዝናሽ አጥራቸው ጋ ቆመው ነበር። አያ ሙላት ሲያልፉ ጮክ ብለው፣ «ዝናሽ፣ የላይኛው ማሳ ነገ ካልታጨደ ያልቃል!» አሏቸው። እቴ ዝናሽ ብቻቸውን ናቸው፤ አንዲት ልጃቸው ሙጃ የሚባል አገር ነው የተዳረችው። ብቻዋን የሆነች ሴት ያን ማሳ በሳምንትም አትጨርሰውም።

ያን ዕለት ቤታችን ውስጥ ማንም አልተናገረም። እኔ ሁሉም ዝም ያለው እኔን አውቆብኝ መሰለኝ። አያ ሙላትን ያስያዝኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሰውማ ትልቅ ሰው ነው፣ ይጠነቀቃል፣ ምንም አይልም ብዬ አምኜ ነበር። ለማንም ሳልናገር ጎህ ሲቀድ የእናቴን ትንሿን ማጭድ ወስጄ የአያ ሙላትን ላይኛ ማሳ ላጭድ ወሰንኩ። አንድ ነዶም ቢሆን።

ስነሳ አባቴ ከመደቡ የለም። ከብት ሊያወጣ ሄዶ ነው ብዬ አጥሩን ዞሬ ወጣሁ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኗል። ማሳው ጋ ስደርስ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። አባቴ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ማጭዴን አየው፤ መልሶ ጎነበሰ። ከእርከኑ በታች ሌላ ሰው አለ። እናቴ ናት። ከየት መጣች ብዬ ሳልጨርስ ከወንዙ በኩል አንዱ ሽማግሌ ማጭዱን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ብቅ አለ፤ እኛን ሲያይ ሊመለስ አለ፣ ከዚያ ተወው። ያ ቀፎ የሰረቀው ሰውዬ መጣ። ቄሱ መጡ፤ ቄስ ለሰው ሲያጭድ አይቼ አላውቅም። አራጋው መጣ። ሁሉም ብቻ ብቻውን፣ በየመንገዱ። ሰው ሰውን እያየ ይደነግጥና ባገኘው ጥግ ጎንበስ ይላል።

ደቦ የሚጠራ ሰው አለው። ደቦ ጠላ አለው፣ ቀረርቶ አለው፣ አጫጆች ይወዳደራሉ፣ ይሰዳደባሉ። ይሄኛው የማጭድ ድምፅ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያዩናል፤ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ አይተው ስለማያውቁ ይሆናል አልወረዱም። የሁላችንም ገብስ በየማሳው ቆሞ ይረግፋል፤ ማንም ወደ ራሱ አልሄደም።

ፀሐይ ወጥታ ውርጩን ስታቀልጠው እቴ ዝናሽ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። እርከኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከማሳው ግማሹ ታጭዷል።

«ማን ጠራችሁ?» አሉ።

አራጋውን አዩት። ቄሱን አዩ። ሽማግሌዎቹን፣ እናቴን፣ አባቴን፣ እኔን። ማጭዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ሁላችሁም?» አሉ።

አንድም ሰው ቀና አላለም። አጨዳው ብቻ ፈጠነ።